የባለሙያ ምላሽ፦ 2147483647 ፕራይም መሆኑ ኮምፒውተሩን ምን ይጠቅመዋል?

ጥያቄው የመጣው ፕሮግራሚንግ ከምትማር የ23 ዓመት ወጣት ነው። እንዲህ ይላል፦

«እናቴ መርካቶ ውስጥ የጅምላ ሱቅ አላት። የሽያጭ ሂሳቧን የሚደምር ትንሽ ፕሮግራም በጃቫ ጻፍኩላት። የነጥብ ጣጣ እንዳይመጣብኝ ብዬ ሁሉንም በሳንቲም ነው የማስቀምጠው። የዓመቱ ድምር 21 ሚሊዮን ተኩል ብር አካባቢ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ ኔጌቲቭ 21 ሚሊዮን ምናምን መጣ። እናቴ 'ከሰርን እንዴ?' አለችኝ። ሳጣራ ችግሩ 2147483647 የሚባል ቁጥር ላይ መሆኑን አነበብኩ፤ ቁጥሩ ፕራይም እንደሆነም አየሁ። አብሮኝ የሚማር ልጅ 'ኮምፒውተር ይህን ቁጥር የመረጠው ፕራይም ስለሆነ፣ ለደኅንነት ስለሚመች ነው' አለኝ። እውነት ነው? ፕራይም መሆኑን ራሴ ላረጋግጥ ብሞክር የኔ ኮድ 'ፕራይም አይደለም' ይላል። የሱቁን ፋይል ለመቆለፍ እንደ ቁልፍ ልጠቀምበት ብዬም እያሰብኩ ነው።»

ጓደኛሽ ተሳስቷል። ኮድሽም ተሳስቷል። ቁጥሩ ግን እውነትም ፕራይም ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም። ነገሮቹ የተምታቱብሽ አንድ ላይ ስለመጡብሽ ነው እንጂ አንዱ ለሌላው ምክንያት አይደለም።

መጀመሪያ የሱቁ ሂሳብ። ጃቫ ውስጥ ኢንት ብለሽ የምታስቀምጪው ቁጥር 32 ቢት ይይዛል። ቢት ማለት 0 ወይም 1 ብቻ የምትቀመጥበት ቀዳዳ ናት። ከ32ቱ አንዷ ለምልክት ትሄዳለች፤ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ የምትናገረው እሷ ናት። የቀሩት 31 ናቸው። 31ዱም 1 ሲሆኑ ጣሪያው ላይ ደረስሽ፦ ከ2³¹ በአንድ የሚያንሰው ቁጥር፣ 2147483647። እዚህ ላይ አንድ ስትጨምሪ በእጅ የተያዘችው 1 እየተሻገረች ሄዳ የምልክቷ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። ያኔ ኮምፒውተሩ የሚያነበው −2147483648 ነው። ኦቨርፍሎው የሚሉት ይህንን ነው።

በሳንቲም ስታስቢው ጣሪያው 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ነው። ያንቺ 21 ሚሊዮን ተኩል ብር 2,150,000,000 ሳንቲም ስለሆነ ጣሪያውን አልፏል። ኮምፒውተሩ ከዚህ ላይ 2³²ን፣ ማለትም 4,294,967,296ን ቀንሶ ያሳይሻል። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው −21,449,672 ብር ከ96 ሳንቲም ነው። እናትሽ አልከሰሩም። ዩቲዩብም እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ላይ እዚሁ ጣሪያ ሥር ደርሶ ነበር። አንድ የኮሪያ ዘፈን የታየበት ብዛት ሊያልፈው ሲል ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት አሳደጉት።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ሐሳብ እንሂድ። ጣሪያው የተገኘው ቢት በመቁጠር ነው፤ ፕራይም ይሁን አይሁን ያሰበ የለም። ሌሎቹን ጣሪያዎች ማየት ይበቃል። የ8 ቢት ጣሪያ 127 ነው፤ ፕራይም ነው። የ16 ቢት ጣሪያ 32767 ነው፤ እሱ ግን 7 × 31 × 151 ነው። የ64 ቢት ጣሪያ 9223372036854775807 ነው። ትልቅ፣ አስፈሪ፣ በ7 የሚያልቅ ቁጥር። ሲበተን ግን 7 × 7 × 73 × 127 × 337 × 92737 × 649657 ሆኖ ቁጭ ይላል። ኮምፒውተር ፕራይም እየመረጠ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በየቤታችን ያለው ባለ 64 ቢት ማሽን በ7 ሁለቴ የሚካፈል ጣሪያ ባልኖረው ነበር።

ታዲያ 31 ላይ ለምን ሰመረ? 32767 በባይነሪ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ፣ ሲጻፍ አሥራ አምስት 1 የተደረደረበት ነው። ሦስት ሦስት አድርገሽ መድቢያቸው፦ 111፣ 111፣ 111፣ 111፣ 111። በባይነሪ 111 ማለት 7 ነው። በእኛ አጻጻፍ 999999 በ999 እንደሚካፈለው ሁሉ ይህም ያለ ምንም ቀሪ በ7 ይካፈላል። 63ቱም 1ዎች እንደዚሁ በሦስት በሦስት ይመደባሉ። 31 ግን ራሱ ፕራይም ነው፤ እኩል እኩል ልትመድቢው አትችይም። ይህ በር ተዘጋ ማለት ነው።

ግን አንድ በር ስለተዘጋ ሁሉም ተዘጋ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ከላይ ያለው ቁጥር (2 ስንት ጊዜ እንደሚባዛ የሚናገረው፣ እንደ 31 ያለው) ፕራይም ከሆነ ውጤቱም ፕራይም ነው» ይላል። አይደለም። 11 ፕራይም ነው፤ 2¹¹ − 1 ግን 2047 ነው፤ ይህም 23 × 89። 2²³ − 1 በ47 ይካፈላል። 2²⁹ − 1 ደግሞ 536870911 ሲሆን 233 × 1103 × 2089 ነው። የኢንት ጣሪያ በ29 ቢት ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር። እስከ 31 ድረስ የተሳካላቸው 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19 እና 31 ብቻ ናቸው። ያንቺ ቁጥር በዚህ ሰልፍ ስምንተኛ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የመርሴን ፕራይም ይባላሉ፤ ማረን መርሴን በተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ ስም። እ.ኤ.አ. በ1644 እስከ 257 ድረስ የትኞቹ እንደሚሠሩ ዝርዝር አወጣ። 31ን በትክክል አስገብቷል። 67ንና 257ን ግን በስሕተት ጨምሯል፤ 61ን፣ 89ንና 107ን ዘሏል። የ67ቱ ስሕተት በቁጥር የተጋለጠው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ፍራንክ ኔልሰን ኮል የተባለ አሜሪካዊ ጉባኤ ፊት ወጥቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ፣ ሰሌዳው ላይ 2⁶⁷ − 1ን አሰላ። ከዚያ 193707721ን በ761838257287 አባዛና ሁለቱ እኩል መሆናቸውን አሳይቶ ተቀመጠ። እኔ ካየኋቸው የሂሳብ ማረጋገጫዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ደስ የሚል የለም። ትልቅ ስም ያለው ሰው የጻፈው ዝርዝር እንኳ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ስሕተቱን ተሸክሞ ኖሯል።

የ2147483647ን ማረጋገጫ የምናገኘው ከታላቁ የሂሳብ ሊቅ ከሊዮናርድ ኦይለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 ከቤርኑሊ ቤተሰብ ለአንዱ በጻፈው ደብዳቤ ፕራይም መሆኑን እንዳረጋገጠ አስታወቀ። ያኔ ሴንት ፒተርስበርግ ነበር፤ ዓይኑም ማየት አቁሟል ማለት ይቻላል። እንዴት አድርጎ? ሁሉንም አካፋይ አልሞከረም።

መቼም ይህን ታውቂያለሽ፦ አንድ ቁጥር ፕራይም ካልሆነ ከስኩዌር ሩቱ የማይበልጥ ፕራይም አካፋይ ይኖረዋል። የዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት ከ46340 ትንሽ ያልፋል። እስከዚያ ድረስ 4792 ፕራይሞች አሉ። በእጅ 4792 ጊዜ ማካፈል የሚቻል ቢሆንም ዕድሜ ይበላል። ኦይለር ግን «አካፋይ ካለ ምን ዓይነት መሆን አለበት?» ብሎ ጠየቀ። እኛም እንጠይቅ። አካፋዩን ሀ እንበለው። ሀ 2³¹ − 1ን እኩል ካካፈለ፣ 2³¹ ለሀ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። ስለዚህ የ2 ድርብርቦች፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያሉ ለሀ ሲካፈሉ የሚተዉት ቀሪ በየ31 እርምጃው ወደ 1 ይመለሳል። በሌላ በኩል ፌርማ ያሳየው ሕግ አለ፤ ሀ ፕራይም ከሆነ ከሀ − 1 እርምጃ በኋላም ቀሪው 1 ነው። ሁለቱ የሚስማሙት ሀ − 1 በ31 እኩል ሲካፈል ብቻ ነው። ሀ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ሀ − 1 በ62ም ይካፈላል።

ሁለተኛው ማጣሪያ የበለጠ ያምራል። 2³¹ ቀሪው 1 ከሆነ 2³² ቀሪው 2 ነው። ግን 2³² ማለት 2¹⁶ በራሱ ሲባዛ ነው። ስለዚህ 2፣ ሀን በተመለከተ፣ የአንድ ቁጥር ስኩዌር ሆኖ ተገኘ። ይህ የሚሆነው ሀ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ከሆነ ብቻ እንደሆነ ይታወቃል። ሁለቱን ማጣሪያ አንድ ላይ ስታደርጊያቸው ሀ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት። እስከ 46340 ድረስ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች 373 ብቻ ናቸው። ከነሱም ፕራይም ያልሆኑትን ስትጥዪ የሚቀሩት 80 አካባቢ ናቸው። ካልኩሌተር ካለሽ አሁኑኑ ጀምሪ። የመጀመሪያው 311 ነው፤ ቀሪው 35። ቀጥሎ 1303፤ ቀሪው 226። እንዲህ እያልሽ ወደ 80 ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃዋል፤ ቡና እየተፈላም ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1811 ፒተር ባርሎው የተባለ እንግሊዛዊ የሂሳብ ሰው ከዚህ ፕራይም ስለሚገኘው ፍጹም ቁጥር ሲጽፍ፣ ከዚህ የሚበልጥ መቼም አይገኝም፤ ማን ለማይጠቅም ነገር ይደክማል የሚል ሐሳብ አስቀምጦ ነበር። ፍጹም ቁጥር የሚባለው ከራሱ በቀር አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ ነው፤ 6 ማለት 1 + 2 + 3 እንደሆነው። እያንዳንዱ የመርሴን ፕራይም አንድ ፍጹም ቁጥር ይወልዳል፤ የዚህኛው ልጅ 2305843008139952128 ነው። ባርሎው ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1876 ኤዷር ሉካስ 39 አኃዝ ያለውን 2¹²⁷ − 1ን አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2024 የተገለጸው 2 ራሱን 136,279,841 ጊዜ ተባዝቶ አንድ ሲቀነስለት የሚገኘው ፕራይም ደግሞ 41,024,320 አኃዝ አለው። ስለዚህ ያንቺን ባለ 10 አኃዝ ቁጥር «ትልቅ ፕራይም» አትበዪው። ከስልክ ቁጥርሽ አይረዝምም።

ወደ ኮድሽ ልመለስ። ባላየውም የት እንደወደቀ መገመት አያቅተኝም፤ እኔም በተማሪነቴ እዚያው ጉድጓድ ገብቻለሁ። ከ2 ጀምረሽ አካፋይ እየሞከርሽ፣ «አካፋዩ በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ እስካልበለጠ ድረስ ቀጥል» ብለሽ ጽፈሻል። ሐሳቡ ልክ ነው። 46340 በራሱ ሲባዛ 2147395600 ነው፤ ገና ከጣሪያው በታች። 46341 በራሱ ሲባዛ ግን 2147488281 ነው። ጣሪያውን አለፈ። ኢንት ውስጥ −2147479015 ሆኖ ይቀመጣል። ኔጌቲቭ ደግሞ ከቁጥሩ ያንሳል፤ ስለዚህ ኮዱ «ቀጥል» ይላል። እንዲያውም ከ2147483647 የሚበልጥ ኢንት ስለሌለ ያ ሁኔታ መቼም ሐሰት አይሆንም። ኮዱ ሲሮጥ ሲሮጥ ቆይቶ ራሱ 2147483647 ጋ ይደርሳል። ለራሱ ያካፍለዋል። ቀሪው ዜሮ። «አካፋይ አገኘሁ፣ ፕራይም አይደለም!» የእናትሽን ሂሳብ ያበላሸው ኦቨርፍሎው ነው ፈተናሽንም ያበላሸው። መፍትሔው አካፋዩን ሎንግ፣ ማለትም ባለ 64 ቢት ቁጥር፣ ማድረግ ነው። ወይም ማባዛቱን ትተሽ «አካፋዩ፣ ቁጥሩ ለአካፋዩ ሲካፈል ከሚገኘው እስካልበለጠ» ብለሽ ጻፊው።

ፈጣን መንገድ ፍለጋ ስትሄጂ የፌርማን ፈተና ታገኛለሽ። 2ን ቁጥሩ ሲቀነስ 1 ጊዜ አባዢ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ፕራይም ነው የሚል ነገር። ለእንዲህ ዓይነት ቁጥሮች በ2 አትሞክሪው። 2047 ይህን ፈተና ሽው ብሎ ያልፋል፤ ፕራይም ግን አይደለም። ከላይ ያለው ቁጥር ፕራይም ከሆነ ማንኛውም የመርሴን ቁጥር ያልፈዋል፤ ፈተናው ከመጀመሪያውም የተሰረቀ ፈተና ነው። ሚለር–ራቢን የሚባለውን በ2፣ በ3፣ በ5 እና በ7 ካደረግሽው ግን ከ3,215,031,751 በታች ላለ ቁጥር ሁሉ መልሱ እርግጥ ነው፤ ያንቺም እዚያ ውስጥ ይገባል።

በነገራችን ላይ ለዚህ ፈተና ሁለት ቢሊዮን ጊዜ ማባዛት አያስፈልግም። አንዱን እያጋመሱ ሌላውን እጥፍ እያደረጉ የማባዛት ዘዴ አለ። 13 ሲባዛ በ24 ስትፈልጊ በአንድ ረድፍ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ትያለሽ። በሌላው ረድፍ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ በ2 እኩል የሚካፈል ቁጥር ካለበት፣ ማለትም 6 ካለበት፣ 48ን ትሰርዣለሽ። የቀሩት 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ይመጣሉ። በብዙ የፕሮግራም ጽሑፎች ይህ «የኢትዮጵያ ማባዛት» ይባላል፤ የግብፅ ወይም የሩሲያ ገበሬዎች የሚሉትም አሉ። እጥፍ ማድረጉን በራስ ማባዛት አድርጊውና፣ በየደረጃው ቀሪውን ብቻ ያዢ። 2 ቢሊዮን እርምጃ የነበረው ወደ 30 ገደማ ይወርዳል። ዓለም ዛሬ በኢንተርኔት ምስጢር የሚለዋወጥበት ስሌት በዚህ ላይ ነው የሚሠራው።

ለመርሴን ቁጥር ብቻ የተሠራና ከሁሉም የሚቀለው የሉካስ–ሌመር ፈተና ነው። በ4 ትጀምሪያለሽ። በራሱ ታባዢና 2 ትቀንሻለሽ፤ ቀሪውን ትይዣለሽ። ከላይ ያለው ቁጥር ሲቀነስ 2 ዙር ስትጨርሺ ዜሮ ከመጣ ፕራይም ነው፤ ካልመጣ አይደለም። በ127 እንየው፤ ከላይ ያለው 7 ስለሆነ 5 ዙር ነው። 4 በራሱ 16፣ 2 ሲቀነስ 14። 14 በራሱ 196፣ ሲቀነስ 194፤ ለ127 ሲካፈል ቀሪው 67። ከ67 ወደ 42። ከ42 ወደ 111። 111 በራሱ 12321፣ ሲቀነስ 12319፤ ይህ ልክ 97 ጊዜ 127 ነው። ዜሮ። አለቀ። ለ2147483647 የሚያስፈልግሽ 29 ዙር ብቻ ነው። የ41 ሚሊዮን አኃዙ ፕራይምም በመጨረሻ የተረጋገጠው በዚሁ ፈተና ነው።

ፕራይም መሆኑ ለኢንት ምንም ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል? መጀመሪያ የቁጥሩ ቅርጽ ቀሪ ማውጣት ላይ ይጠቅማል። 5738 ለ99 ሲካፈል ቀሪውን ስትፈልጊ ማካፈል አያስፈልግሽም፤ 57 እና 38ን ደምሪ፤ 95። ኮምፒውተሩም በ2147483647 ሲሆን ታችኞቹን 31 ቢቶች ከላይኞቹ ጋር ይደምራል፤ በቃ። ማካፈል ለማሽን ውድ ነው፤ መደመር ርካሽ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ፕራይም መሆኑ ሲጨመር ጥሩ የዕጣ ቁጥር ማውጫ ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ፓርክና ሚለር የተባሉ ሁለት ሰዎች ያስተዋወቁት ቀመር ይህ ነው፦ ያለሽን ቁጥር በ16807 አባዢ፣ ለ2147483647 አካፍዪ፣ ቀሪውን ውሰጂ። ከ1 ስትነሺ 16807፣ ከዚያ 282475249፣ ከዚያ 1622650073 እያለ ይሄዳል። ከ1 እስከ 2147483646 ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር አንድ አንድ ጊዜ ሳይነካ ወደ መነሻው አይመለስም። 16807 ማለት 7 አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው፤ ይህን ዙር የማድረግ ጉልበት ያለው ትንሹ ቁጥርም 7 ነው። ለጨዋታ፣ ለሲሙሌሽን መለማመጃ ይሆናል። የዕቁብ ዕጣ ግን አታውጪበት። አንድ ቁጥር ያየ ሰው ቀጣዮቹን ሁሉ በካልኩሌተር ያውቃቸዋል።

ቁልፍ ላድርገው ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው። ምክንያቶቹም ከዚሁ ከባሕርይው ይመጣሉ። ባለ 10 አኃዝ ቁጥርን ተራ ላፕቶፕ አንድ በአንድ ሞክሮ ይጨርሰዋል። ከዚያም በላይ ዝነኛ ነው፤ ሰባሪ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። አርኤስኤ የሚባለው የምስጢር መቆለፊያ አሠራር ፕራይም ይፈልጋል፤ ግን ማንም የማያውቃቸው፣ በዕጣ የተመረጡ፣ እያንዳንዳቸው ከ300 አኃዝ በላይ የሆኑ ሁለት ፕራይሞችን ነው። ፕራይሙ በአደባባይ ሆኖ ምስጢሩ ከላይ ያለው ቁጥር የሚሆንበት አሠራርም አለ። እዚያም አይሠራም። አንድ ሲቀነስለት 2147483646 ነው፤ ይህም 2 × 3 × 3 × 7 × 11 × 31 × 151 × 331። ከቁርጥራጮቹ ትልቁ 331 ብቻ ነው። ሰባሪው ምስጢሩን በየቁርጥራጩ ለየብቻ ፈልጎ መገጣጠም ይችላል። ትልቁን ድንጋይ ማንሳት ቀርቶለት ጠጠር ለቀመ ማለት ነው።

ለፍትሐዊነት ያህል፣ በምስጢር ሙያ ውስጥ ጨርሶ ቦታ የለውም አልልም። አንድ ሲጨመርለት ንጹሕ የ2 ድርብርብ፣ 2³¹፣ ይሆናል። ይህን ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ2024 የቀረበው ሰርክል ስታርክ የተባለው የማረጋገጫ አሠራር ተጠቅሞበታል። እዚያ ግን ቁጥሩ ስሌቱ የሚካሄድበት ሜዳ እንጂ ምስጢሩ አይደለም፤ ሜዳውንም በባለሙያ ያሰፉታል። ያንቺ የሱቅ ፋይል የዚህ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ ይህን አድርጊ። ገንዘቡን በሳንቲም ማስቀመጥሽ ትክክል ነው፤ አትተዪው። ኢንቱን ግን በሙሉ ወደ ሎንግ ቀይሪ። የሎንግ ጣሪያ በሳንቲም 92,233,720,368,547,758 ብር ከ7 ሳንቲም ነው፤ መርካቶ በሙሉ ተሰብስቦ አይሞላውም። ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ዋጋና ብዛትን ሁለቱንም ኢንት አድርገሽ አባዝተሽ ውጤቱን ሎንግ ውስጥ ብትከቺው አይድንም፤ የተበላሸው ከመግባቱ በፊት ነው። ማባዛቱ ሳይጀመር አንዱ ሎንግ መሆን አለበት። ዳታቤዝ ካለሽ ደግሞ ዓምዱም ቢግኢንት መሆን አለበት፤ ኮዱ ብቻ ቢቀየር ችግሩ ቤት ቀየረ እንጂ አልሄደም። ጃቫ ማዝ ውስጥ አድኤግዛክትና መልቲፕላይኤግዛክት የሚባሉ አሉ። ጣሪያ ሲታለፍ ዝም ብለው ኔጌቲቭ ከማምጣት ይልቅ ይጮኻሉ። ሂሳብ ላይ የሚጮኽ ፕሮግራም ዝም ከሚለው ይሻላል። ለመቆለፊያው ቁልፍ በራስሽ አትፍጠሪ። የተፈተነ ላይብረሪ ወስደሽ ኤኢኤስ በሚባለው የመቆለፊያ ዘዴ ቆልፊው፤ ቁልፉን ራሱ ላይብረሪው በዕጣ ያውጣልሽ። ቁልፉን ከፋይሉ ጋር አንድ ፍላሽ ላይ አታስቀምጪው።

አንድ ነገር ቀረ፤ ሳትጠይቂኝ ልጨምር። ደረሰኝ ላይ ያለውን ሰዓት እንዴት ነው የምታስቀምጪው? እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ አንስቶ ያለፈውን ሰከንድ በኢንት የሚቆጥሩ ሲስተሞች አሁንም አሉ። ያ ቆጠራ 2147483647 የሚደርሰው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ሕዝቡ ጃንሜዳ ጠበል እየተረጨ እያለ በሚቀጥለው ሰከንድ ቆጣሪው ይገለበጥና ቀኑ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይሆናል። የእናትሽ ደረሰኝ በአፄ ምኒልክ ዘመን የተቆረጠ ሊመስል ነው። የሰዓቱን ዓምድም አብረሽ ሎንግ አድርጊው።